ጃንጎ ላይ ፎርሙን ክላስ ውስጥ ዘርዝሮ መጻፍ ወይስ ከዳታቤዝ እያነበቡ መገንባት?

ሊያ_ዌብ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሰላም ለቤቱ። በጃንጎ (በፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ) የተሠራ የቁጠባ ማኅበር አባላት መመዝገቢያ ላይ ምክር ፈልጌ ነው። ቅጹ አሁን 14 ፊልዶች አሉት፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ ይቀጥላል። ሁሉም አንድ የፎርም ክላስ ውስጥ ተዘርዝረዋል። አሁን የመጣው ጥያቄ፣ 22ቱ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 10 የሚደርሱ የራሳቸውን ጥያቄዎች ፕሮግራመር ሳይጠሩ መጨመርና ማንሳት ይፈልጋሉ የሚል ነው።

ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ለየቅርንጫፉ የተለየ ክላስ መጻፍ ነው። ሁለተኛው የነበሩትን 14ቱንም ጭምር ወደ ዳታቤዝ አውጥቶ ቅጹን ሙሉ በሙሉ ከሠንጠረዥ እያነበቡ መገንባት። የቱ ያዋጣል?

ጣና_87 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ሁለቱም አያዋጡም። የሚበጀው መሃል ላይ ያለው ነው።

ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ፊልዱን የሚቀይረው ማነው?» የሚለው ነው። የሚቀይረው ፕሮግራመር ከሆነ ኮዱ ላይ ይጻፍ። ለውጡ ጊት ላይ ይመዘገባል፣ በቴስት ያልፋል፣ ከማይግሬሽኑ (ከሠንጠረዥ ለውጡ) ጋር አብሮ ይወጣል። የሚቀይረው ኮድ የማይነካ ሰው ከሆነ ግን ያ ፊልድ ዳታ ነው፤ ቦታውም ዳታቤዝ ነው። «ኮዱ ያጥራል» ወይም «ነገ ሊቀየር ይችላል» የሚለው ምክንያት ብቻውን ወደ ዳይናሚክ፣ ማለትም ከዳታቤዝ ወደሚገነባ ፊልድ፣ አያስኬድም።

14ቱ ፊልዶች ላይ ብዙ ሌላ ኮድ ተንጠልጥሏል። ስልኩ ወደ ኤስኤምኤስ መላኪያው ይሄዳል፣ ስሙ ደረሰኝ ላይ ይታተማል፣ ከትውልድ ቀኑ ዕድሜ ይሰላል። እነዚህን ሠንጠረዥ ውስጥ ብታስገቢያቸው አንድ አስተዳዳሪ «ስልክ» የሚለውን ረድፍ በሰረዘ ማግስት ኤስኤምኤሱ ይቆማል። ስህተቱ ደግሞ ፎርሙ ላይ አይታይም፤ ራቅ ያለ ፋይል ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ክላስ ውስጥ ከተጻፉ ግን አንዱን ስም የቀየረ ሰው ገና ቴስቱን ሲያስኬድ ያውቀዋል።

22 ክላስ መጻፉም ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። አንድ ቅርንጫፍ አንድ ጥያቄ በቀየረ ቁጥር ዲፕሎይ (አዲሱን ኮድ ሰርቨር ላይ መጫን) ያስፈልጋል፤ እነሱ የሸሹት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ክላሱ አንድ ይሁን። 14ቱ እንዳሉ ይቆዩ። የቅርንጫፉ ጥያቄዎች «ኢኒት» (ፎርሙ ሲፈጠር የሚሠራው ሜተድ) ውስጥ፣ «ሱፐር» (የጃንጎ የራሱ ኢኒት) ከተጠራ በኋላ፣ «ሰልፍ.ፊልድስ» (የዚያ ፎርም የፊልዶች ዝርዝር) ላይ ይጨመሩ። ቅርንጫፉን ቪው (ገጹን የሚያስተናግደው ኮድ) ከገባው ተጠቃሚ ላይ ወስዶ ለፎርሙ ይስጠው፤ ከብራውዘር በተላከ ድብቅ ፊልድ አይሁን። አለበለዚያ ማንም ቁጥሩን ለውጦ የሌላ ቅርንጫፍ ቅጽ ይሞላል።

አባ_ዳታ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጣና በተናገረው እስማማለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሦስተኛ ዓይነት ግን ልጨምር። ፊልዱ ቋሚ ሆኖ ምርጫዎቹ ብቻ የሚለዋወጡበት ማለቴ ነው። እንደኔ እንደኔ «ዳይናሚክ ያስፈልገናል» ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው እዚህ ይገባል።

ክልልን እንውሰድ። ክልሎችን ኮድ ላይ ዘርዝሮ የጻፈ ሰው በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲመጡ ኮዱን ሦስት ጊዜ መክፈት ነበረበት። 9 የነበረው 12 ሆኗል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲጨመሩ ድሮፕዳውኑ ላይ 14 ምርጫ ይኖራል። ፊልዱ ግን ያው «ክልል» ነው። ስለዚህ ፊልዱን ክላሱ ላይ ጻፊው፣ ዓይነቱን «ሞዴል ቾይስ ፊልድ» አድርጊው፣ ምርጫው ከሠንጠረዥ ይምጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ።

አንደኛው፣ ተራ «ቾይስ ፊልድ» ተጠቅሞ ክላሱ ላይ በቀጥታ የዳታቤዝ ኩዌሪ በፎር ሉፕ ዘርዝሮ መስጠት። የክላስ አካል የሚነበበው ሞጁሉ ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ ወረዳ ቢገባ ሰርቨሩ እንደገና እስኪነሳ አይታይም። ከዚህ የባሰው አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ላይ ይመጣል። የ«ማይግሬት» ትእዛዝ ሥራውን ሳይጀምር ቼክ ያካሂዳል፤ ለዚያም ዩአርኤሎቹን፣ በእነሱ በኩል ቪዎቹንና ፎርሞቹን ይጭናል። ፎርሙ ገና ያልተፈጠረ ሠንጠረዥ ሲጠይቅ ሁሉም ነገር «ሠንጠረዡ የለም» ብሎ ይቆማል። ሠንጠረዡ እንዳይፈጠር ያደረገው ራሱ ፎርሙ ነው። መፍትሔው «ቾይስስ» ለሚለው ቦታ ዝርዝሩን ሳይሆን ዝርዝሩን የምታመጣውን ፈንክሽን መስጠት ነው። ስሟ ብቻ ይጻፍ፣ ቅንፍ አይከፈትላት። ያኔ ጃንጎ ፎርሙ በተፈጠረ ቁጥር ይጠራታል።

ሁለተኛው ወጥመድ የድሮው መዝገብ ነው። ከ2015 በፊት የተመዘገበ አባል ክልሉ «ደቡብ ብሔሮች» ተብሎ ተቀምጧል። ዝርዝሩን «አሁን የሚሠሩትን ብቻ» ብለሽ ካጣራሽው፣ የዚያን አባል ስልክ ለማስተካከል ቅጹን የከፈተ ሠራተኛ ክልሉ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ወይ ማስቀመጥ ይከለከላል፣ ወይ ደግሞ እንዲያልፈው ብሎ ያገኘውን ይመርጣል። ያ የውሸት ዳታ ነው፤ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ማጣሪያው «የሚሠራ ወይም የዚህ አባል የአሁኑ ምርጫ» ይሁን፤ ጃንጎ ላይ በሁለት «ኪው» እና በመካከላቸው ባለ «ወይም» ምልክት ይጻፋል።

ሊያ_ዌብ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

አባ ዳታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያሉት የድሮው መዝገብ ነገር ጨርሶ አልታሰበበትም ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወረዳው ዞን ሲመረጥ በጃቫስክሪፕት ነው የሚሞላው። ድሮፕዳውኑ በትክክል ይሞላል፣ ሰው ይመርጣል፣ ሲላክ ግን «ትክክለኛ ምርጫ ይምረጡ» የሚለው የጃንጎ ስህተት ይመጣል። የወረዳው የመጀመሪያ ኩዌሪሴት (ምርጫዎቹ ከዳታቤዝ የሚመጡበት ዝርዝር) «ነን» ነው፣ ማለትም ባዶ።

ቅንፍ_ዝጋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ምክንያቱ ይኼ ነው። የፎርም ኦብጀክት በአንድ ምዝገባ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ ገጹ ሲከፈት አንዴ፣ ሲላክ አንዴ። በሁለቱ መካከል ሰርቨሩ ላይ ምንም አይቆይም። ጃቫስክሪፕቱ የሞላው ብራውዘሩ ላይ ያለውን ድሮፕዳውን ብቻ ነው። ሲላክ ሰርቨሩ አዲስ ፎርም ይፈጥራል፤ የዚያ ፎርም የወረዳ ኩዌሪሴት አሁንም ባዶ ነው፤ ባዶ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ምንም ምርጫ ትክክል ሊሆን አይችልም።

«ኢኒት» ውስጥ ከ«ሱፐር» በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ፦

1. ፎርሙ ዳታ ይዞ ከመጣ፣ ማለትም «ኢዝ ባውንድ» እውነት ከሆነ፣ ከ«ሰልፍ.ዳታ» የዞኑን ቁጥር አውጪ። ስሙን በእጅ አትጻፊ፤ «አድ ፕሪፊክስ» በሚለው ሜተድ አሳልፊው። ነገ ፎርሙ ፕሪፊክስ ሲሰጠው በእጅ የተጻፈው ስም ምንም አያገኝም፣ ስህተትም አያሰማም።
2. የመጣው ነገር ጥሬ ጽሑፍ ነው፤ ገና አልተጣራም። ወደ ቁጥር መቀየሩን በ«ትራይ» ክበቢው። ካልተቀየረ ኩዌሪሴቱ ባዶ ይቅር፤ የፊልዱ ቫሊዴሽን ቀሪውን ይሠራል።
3. ከተቀየረ የወረዳውን ኩዌሪሴት በዚያ ዞን አጣሪው።
4. ዳታ ሳይመጣ ነባር አባል ለማስተካከል ከተከፈተ፣ ዞኑን ከ«ኢንስታንስ» ውሰጂ።
5. ከሁለቱም ካልሆነ «ነን» ይሁን።

«ሁሉንም ወረዳ ልፍቀድና ልገላገል» የሚል ፈተና ይመጣል። ያን ጊዜ ስህተቱ ይጠፋል፤ ግን የባሌ ዞን ከጌዴኦ ወረዳ ጋር ተጋብቶ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል።

ሜዳ_ሙሉ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ ከጣና ጋር አልስማማም። ግማሹ ኮድ ላይ፣ ግማሹ ሠንጠረዥ ላይ ሲሆን ሁለት ዓይነት አሠራር መያዝ ግድ ይላል። ሁሉንም ሠንጠረዥ ላይ አድርጎ 14ቱን «የማይነካ» የሚል ምልክት ቢያደርጉባቸው አንድ መንገድ ብቻ ይኖራል። አስተዳዳሪው አይሰርዛቸውም፤ ቅደም ተከተላቸውንና መጠሪያቸውን ግን መቀየር ይችላል።

ጣና_87 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

ሜዳ ሙሉ፣ ሐሳብህ የሚያስኬድበት ቦታ አለ። ሥራው ራሱ ቅጽ መሥራት ከሆነ፣ የዳሰሳ ጥናት መሰብሰቢያ ዓይነት፣ ሁሉም ዳይናሚክ ቢሆን ትክክል ነው። እዚያ የትኛውም ኮድ አንድን ጥያቄ በስሙ አይጠራም።

እዚህ ግን 14ቱን ወደ ሠንጠረዥ ስታወጣ ምን ምን እንደገና መጻፍ እንዳለብህ ቁጠር። ስልክ 09 ወይም 07 ብሎ ይጀምር የሚለው ደንብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር 10 አኃዝ ይሁን የሚለው፣ «የአባልነት ዓይነት ድርጅት ከሆነ መለያ ቁጥሩ ግዴታ ነው» የሚለው፣ ወረዳው በዞኑ ይጣራ የሚለው። ክላስ ላይ እነዚህ ከሁለት እስከ አምስት መስመር ያላቸው ሜተዶች ናቸው። ሠንጠረዥ ላይ ሲሆኑ ደንብ መግለጫ ትንሽ ቋንቋ መፍጠር ሊኖርብህ ነው፤ ያ ቋንቋ ደግሞ ዲበገርም ቴስትም የለውም። «ሞዴል ፎርም» የሚሰጥህንም ታጣለህ፤ የርዝመት ገደቡን፣ ስልክ እንዳይደገም የሚለውን ዩኒክ ምርመራ፣ በአንድ «ሴቭ» ማስቀመጡን።

መጠሪያና ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ያለ ብዙ ልፋት ይገኛል። ፊልዱ ስታቲክ፣ ማለትም ክላሱ ላይ የተጻፈ፣ ሆኖ ይቆያል፤ «ኢኒት» ውስጥ «ሌብል» የሚለውን ከሠንጠረዥ ትተካለህ፣ «ኦርደር ፊልድስ» የሚለውን ሜተድ ደግሞ ትጠራለህ።

ቅንፍ_ዝጋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሊያ፣ ኮድ መጻፍ ሳትጀምሪ ይህቺን አንብቢ። ከሁሉም የከፋችው ስህተት ናት።

ጃንጎ ክላሱን ሲያነብ ፊልዶቹን «ቤዝ ፊልድስ» የሚባል ዲክሽነሪ ውስጥ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ፎርም ሲፈጠር ያንን በ«ዲፕ ኮፒ» ገልብጦ «ሰልፍ.ፊልድስ» ያደርገዋል። ስለዚህ ከ«ሱፐር» በኋላ «ሰልፍ.ፊልድስ» ላይ የምትሠሪው ሁሉ የዚያ ፎርም ብቻ ነው፤ የብራውዘሩ ጥያቄ (ሪኩዌስቱ) ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። «ቤዝ ፊልድስ» ላይ ከጨመርሽ ግን የጨመርሽው ክላሱ ላይ ነው፤ ፕሮሰሱ እስኪሞት ድረስ ለሁሉም ተጠቃሚ ይቀራል።

ምልክቱ እንዲህ ነው። የዲላው ሠራተኛ ቅጹን ይከፍታል፤ «የቡና ማሳ ስፋት» የሚል ጥያቄ ይጨመራል። ከዚያ የደሴው ሠራተኛ ሲከፍት ያው የቡና ጥያቄ እሱም ጋ ይታያል። ሪፍሬሽ ሲያደርግ ይጠፋል። እንደገና ሲያደርግ ይመለሳል። ጉኒኮርን (ጃንጎን የሚያስኬደው ሰርቨር) በ4 ወርከር (ጎን ለጎን በሚሠሩ ፕሮሰሶች) ከተነሳ እያንዳንዱ ወርከር የራሱ ሜሞሪ አለው፤ የዲላን ሪኩዌስት ያስተናገደው ወርከር ብቻ ነው የተበከለው። የደሴው ሰው ሪፍሬሽ ባደረገ ቁጥር የሚደርሰው ወርከር ይለያያል። ላፕቶፕ ላይ በአንድ ተጠቃሚ ሲሞከር ይህ ፈጽሞ አይታይም። ቴስቱ ሁለት ቅርንጫፍ በተከታታይ ይፍጠርና የሁለተኛው ፎርም የመጀመሪያውን ፊልድ አለመያዙን ያረጋግጥ።

ተመሳሳይ ጥፋት በሌላ በር ይገባል፤ በ«ኢኒት» ፋንታ ሞጁሉ ላይ አንድ ተራ ዲክሽነሪ ከፍቶ ፊልድ ኦብጀክቶችን እዚያ ካሽ ማድረግ። ካሽ ማድረግ ካስፈለገ የጥያቄዎቹን ትርጉም፣ ቁልፍ፣ ዓይነትና መጠሪያ የያዘውን ጥሬ ዳታ ካሽ አድርጊ፤ ፊልዱን ሁልጊዜ አዲስ ፍጠሪ።

አባ_ዳታ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

መልሶቹ የት እንደሚቀመጡ ሳይወሰን ፎርሙ አይጀመር። የአባል ሞዴሉ ላይ አንድ «ጄሰን ፊልድ» (ብዙ ቁልፍና መልስ በአንድ ላይ የሚይዝ ፊልድ) ጨምሪና የቅርንጫፉ መልሶች እዚያ ይግቡ። ከጃንጎ 3.1 ጀምሮ ፖስትግሬስ ላይም፣ ማይኤስኪውኤል ላይም፣ ኤስኪውላይት ላይም ይሠራል። ለእያንዳንዱ መልስ አንድ ረድፍ የሚይዝ የተለየ ሠንጠረዥ የሚያዋጣው በየጥያቄው ከባድ ሪፖርት ሲኖር ወይም መልሱ ማን መቼ እንደቀየረው መታወቅ ሲኖርበት ነው። ከ3 እስከ 10 ጥያቄ ያለው ቅጽ ጄሰን ይበቃዋል።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ።

ቁልፉ መጠሪያው አይሁን። «የቡና ማሳ ስፋት» የሚለውን እንደ ፊልድ ስም ከተጠቀሙ፣ ነገ አንድ ሰው «በሄክታር» የሚል ሲጨምርበት የድሮ መልሶች በአሮጌው ቁልፍ ተቀምጠው አዲሱ ፎርም አያገኛቸውም። አማርኛ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። ቁልፉ ከጥያቄው ተራ ቁጥር ይሠራ፣ «ጥ_17» ዓይነት፤ ከተሰጠ በኋላም አይቀየር።

ሁለተኛ፣ «ክሊንድ ዳታ» (ፎርሙ ያጣራው ዳታ) ውስጥ ያለው ቀን የፓይተን የቀን ኦብጀክት ነው፣ አስርዮሽ ቁጥሩም «ዴሲማል» ነው። ጄሰን ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ ሴቭ ሲደረግ ይፈነዳል። ሞዴሉ ላይ ያለው «ጄሰን ፊልድ» «ኢንኮደር» የሚል ቦታ አለው፤ የጃንጎን የራሱን የጄሰን ኢንኮደር እዚያ ስጡት። ዴሲማሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚቀመጥ ሲነበብ መመለስ እንዳለበት አይረሳ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄ አይሰረዝ። «አይሠራም» የሚል ምልክት ይደረግበት። ከተሰረዘ የ«ጥ_17» መልስ ምን ማለት እንደነበር የሚነግር አይኖርም።

ሰባት_ቁጥር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

አስተዳዳሪው የሚመርጣቸው የፊልድ ዓይነቶች ጥቂትና የተዘጉ ይሁኑ፤ አጭር ጽሑፍ፣ ረጅም ጽሑፍ፣ ሙሉ ቁጥር፣ አስርዮሽ፣ ቀን፣ አንድ ምርጫ፣ አዎ ወይም አይ። ኮዱ ላይ ከዓይነት ስም ወደ ፊልድ የሚያሻግር አንድ ዲክሽነሪ በቂ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የክላስ ስም ጽፎ ያንን ስም በቀጥታ መጫን በር ከፍቶ መተው ነው። አስተዳዳሪው የራሱን ሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መመርመሪያ ቀመር) እንዲጽፍም አይፈቀድ፤ በደንብ ያልተጻፈ አንድ ሬጌክስ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲገጥመው ሲፒዩውን ለረጅም ጊዜ ሊይዘው ይችላል። «10 አኃዝ»፣ «የኢትዮጵያ ስልክ» የሚሉ የተዘጋጁ ደንቦች ይመረጡ።

«አዎ ወይም አይ» ላይ «ቡሊያን ፊልድ» ተጠቅሞ «ግዴታ» ማድረግ ትልቅ ወጥመድ ነው። ያልተመረጠ ቼክቦክስ ከብራውዘር ጭራሽ አይላክም፤ ጃንጎም ግዴታ የሆነ ቡሊያን ምልክት ካልተደረገበት አይቀበልም። «ሌላ ማኅበር ውስጥ አባል ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ «አይ» ብሎ መመለስ አይቻልም ማለት ነው። አዎና አይ ያለው «ቾይስ ፊልድ» በሬዲዮ ቁልፍ ይሁን።

«ቀን» የሚለውም የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በተራ «ዴት ፊልድ» አይሄድም። ፓይተን 13ኛ ወር አያውቅም። ፊልዱን ወርሶ ጽሑፉን የሚመረምር አንድ ክላስ ያስፈልጋል፤ ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ግን እስከ 6 ይፈቀዳል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ትክክል ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ግን አይደለም። ይህ ክላስ አንዴ ከተጻፈ ለስታቲኩም ለዳይናሚኩም ያገለግላል።

ሊያ_ዌብ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። የቤተሰብ አባላት ዝርዝር አለ፣ በየረድፉ 7 ፊልድ፤ ይህ ዳይናሚክ ነው ወይስ ስታቲክ? ደግሞ አንድ ሰው ቅጹን ከፍቶ እየሞላ ሳለ አስተዳዳሪው ጥያቄ ቢቀይር ምን ይሆናል?

ጣና_87 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡50

የቤተሰቡ ዝርዝር ስታቲክ ነው። የሚለዋወጠው የረድፉ ብዛት እንጂ የረድፉ ቅርጽ አይደለም፤ ለዚህ ፎርምሴት (አንዱን ፎርም በየረድፉ የሚደጋግም) አለ። በጃቫስክሪፕት ረድፍ ስትጨምሪ «ኤምፕቲ ፎርም» የሚለውን ገልብጠሽ ውስጡ ያለውን «ፕሪፊክስ» የሚል ቃል በረድፉ ቁጥር ተኪው፣ ከዚያ ማኔጅመንት ፎርሙ (የረድፉን ብዛት የሚይዙት ድብቅ ፊልዶች) ላይ ያለውን «ቶታል ፎርምስ» በ1 ጨምሪ። ይህ ከተረሳ አዲሱ ረድፍ ይላካል ግን አይነበብም፤ ስህተትም አይመጣም። ማኔጅመንት ፎርሙ ቴምፕሌቱ ላይ ጨርሶ ከሌለ ግን ጃንጎ ፎርምሴቱን በሙሉ አይቀበልም።

የረድፉን ጣሪያ «ማክስ ነም» ላይ ወስኚ፤ ካልተነካ 1000 ነው። ጃንጎ በአንድ ሪኩዌስት የሚቀበለው የፊልድ ብዛትም ሳይቀየር 1000 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፎርሙ ጋ ሳይደርስ 400 (የተሳሳተ ሪኩዌስት የሚል ስህተት) ይመልሳል። 7 ፊልድ ያለው ረድፍ 140 ሲደርስ 980 ነው፣ የቀሩት 14ቱና የማኔጅመንቱ ሲጨመሩበት ጫፍ ላይ ነሽ። ለቤተሰብ 20 ረድፍ ይበቃል። በየረድፉ «ሞዴል ቾይስ ፊልድ» ካለም፣ ገጹ ሲሳል እያንዳንዱ ረድፍ የራሱን ኩዌሪ ይጠይቃል። ዝርዝሩን ቪው ላይ አንዴ አንብበሽ በ«ፎርም ክዋርግስ» ለሁሉም አካፍይ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ዋናው ነው። ሲላክ ፎርሙ የሚገነባው በዚያ ሰዓት ካለው ሠንጠረዥ ነው። የተነሳ ጥያቄ መልስ ዝም ተብሎ ይጣላል፤ አዲስ የተጨመረ ግዴታ ጥያቄ ደግሞ ሰውዬው ያላየውን «ይህ መሞላት አለበት» ብሎ ይወቅሰዋል። ስለዚህ ለየቅርንጫፉ የጥያቄ ስብስብ የስሪት ቁጥር ይኑር፤ አስተዳዳሪው አንድ ነገር በነካ ቁጥር በ1 ይጨምር። ቁጥሩ በድብቅ ፊልድ ከፎርሙ ጋር ይሂድ። ሲመለስ ከአሁኑ ጋር ካልገጠመ አታስቀምጪ፤ በመጣው ዳታ አዲሱን ፎርም ሞልተሽ «ጥያቄዎቹ ተቀይረዋል፣ አዲሶቹን ይሙሉ» ከሚል መልእክት ጋር መልሰሽ አሳዪ። ዳታው በአሮጌው ቁጥር ስለሚመጣ፣ ፎርሙ ሲሳል በድብቁ ፊልድ ላይ አዲሱን ቁጥር በግድ መተካት አለብሽ፤ ካልተካሽ ሰውዬው ስንት ጊዜ ቢልክም ያው መልእክት ይመለስለታል። ቁልፎቹ አባ ዳታ እንዳሉት ቋሚ ከሆኑ የሞላው ሁሉ በቦታው ይገኛል።

አባ_ዳታ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡15

የስሪት ቁጥሩን ከመልሶቹ ጋር ጄሰኑ ውስጥም አስቀምጪው፣ ልጄ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ጥ_17» ባዶ የሆነበትን አባል ስታዪ፣ አልመለሰም ወይስ ጥያቄው ያኔ አልነበረም የሚለውን የምትለዪው በእሱ ብቻ ነው።